የዝናቡ ሸህ

የጥቁር አዝሙድ ዘይት ለብ ሲል የሚያወጣው ሽታ ከሌላ ከምንም ጋር አይምታታም፤ መረር ያለ፣ ሞቅ ያለ፣ አፍንጫን ሰርስሮ ገብቶ አናት ላይ ጉብ የሚል ነገር ነው። ዛሬ ጠዋት አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ የቀኝ ጉልበቴን በሱ ሳሽ፣ ጎረቤቴ ሰዓዳ ግቢው መሐል ልብስ ታሰጣ ነበር። ሰዓዳ ከጎኔ ያለውን ክፍል ከባሏ ጋር ተከራይታ የገባች ልጅ ናት፤ አንሶላውን፣ የባሏን ሸሚዞች፣ ትልቁን ብርድ ልብስ ሳይቀር አጥባ ገመዱን ሞልታዋለች። የደሴ ሰማይ ለወትሮው እንዲህ አይደለም፤ ዛሬ ግን ለወጉ እንኳ አንድ ጉም አልነበረበትም፤ የጦሳ ተራራ እስከ ጫፉ ጥርት ብሎ ይታያል። በመስኮት ብቅ ብዬ «ልጄ፣ ብርድ ልብሱን እንኳ አታስጪው፣ ይዘንባል» አልኳት። ሰማዩን አየች፣ እኔን አየች፣ ፈገግ ብላ ማስጣቷን ቀጠለች። አልተቀየምኳትም። ዕድሜዬን ሙሉ ያስተማርኩ ጡረተኛ ነኝ፤ ያልኩትን ሰምቶ የራሱን የሚያደርግ ሰው ለኔ አዲስ አይደለም።

ይኸው ዘይት የአባቴ መድኃኒት ነበር። ይኸው የቀኝ ጉልበትም የአባቴ በሽታ ነበር። እሳቸው ሕመሙን ያመጡት ከወጣትነታቸው ነው፤ ለቂርአት፣ ማለት ለሃይማኖት ትምህርት፣ ከሸህ ወደ ሸህ ሲዞሩ በየመስጊዱ ቀዝቃዛ መሬት ላይ ቁርበት አንጥፈው እየተኙ፣ አንድ ክረምት ብርዱ ጉልበታቸው ውስጥ ገብቶ እዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲያ ዝናብ ሊመጣ ሲል ከጠዋት ጀምሮ ይጠዘጥዛቸዋል። እናቴ ዘሀራ ሰማይ አይታ አታውቅም ማለት ይቻላል፤ እህል ልታሰጣ ስትል መጀመሪያ የምታየው የአባቴን አቀማመጥ ነው። እግራቸውን አጥፈው ከተቀመጡ ታሰጣለች፤ ቀኝ እግራቸውን ዘርግተው ከተቀመጡ ያሰጣችውንም ታስገባለች። በቤታችን ይህ የተለመደ ነገር ስለነበር ማንም አይገረምበትም።

ቤታችን ሾላ አምባ ነበር፤ ደሴ ዙሪያ ውስጥ፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደውን አስፋልት ትቶ በእግር የሚገባ መንደር። አባቴ የነሕው ሸህ ነበሩ። ነሕው የአረብኛ ሰዋስው ነው፤ የሌላው ኪታብ ሁሉ በር የሚከፈተው በሱ ስለሆነ ከወረባቦ፣ ከቃሉ፣ ከቦረና፣ አንዳንዴም ከጅማ ድረስ ደረሳ ይመጣላቸው ነበር። ደረሳ የምንለው የቂርአት ተማሪውን ነው። ደረሳ ደግሞ በስሙ አይጠራም፣ በመጣበት አገር ነው፤ ስለዚህ ግቢያችን ቀኑን ሙሉ «ጅማ፣ ውኃ ቀዳህ?»፣ «ቦረና፣ ዛሬ እንጨቱ ያንተ ነው» ሲባልበት ይውላል። እኔ ካርታ ሳላይ አገር ያወቅሁት በነሱ ነው፤ ጅማ ቀጭን፣ ቦረና ደግሞ የሚያንኮራፋ ቦታ ይመስለኝ ነበር። የአንድ ሸህ ስም የሚወጣውም በዚሁ ነው፤ ደረሳው ከየት ከየት እንደመጣለት ይታይና «እገሌኮ እስከ ጅማ ተሰምቷል» ይባላል። በደሴ ዓሊሞች፣ ማለት በሃይማኖቱ ሊቃውንት፣ ዘንድ የአባቴ ስም ከባድ ነበር፤ አንዱ መስመር አልፈታ ሲላቸው «እስቲ የሾላ አምባው ሸህ ይምጡ» ይባባሉ እንደነበር ከእናቴ ስንቴ ሰምቻለሁ፤ እሷ ስትናገረው ደግሞ ራሷ የፈታችው ያህል ነው።

ከኪታቦቻቸው ሁሉ አንዱን ለብቻ በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ያስቀምጡት ነበር፤ ዳሩ ምስጥ የቀመሰው፣ ሽፋኑ በእጅ ብዛት የጠቆረ፣ የነሕው ሁሉ መጨረሻ የሚባል ኪታብ። በኛ ዘንድ ኪታብ በዓይን ስለተነበበ ተቀራ አይባልም። ከሸህ አፍ መሰማት አለበት፤ ሸሁም ከሸሁ አፍ የሰማው መሆን አለበት፤ እንዲያ እያለ ወደ ላይ ይሄዳል። አንድ ቦታ ከተበጠሰ ወረቀቱ ቢኖርም ኪታቡ የለም ነው። ያን ኪታብ ከዳር እስከ ዳር የሰማ ሰው በዚያ አገር ከአባቴ ሌላ አልነበረም። ያሰሟቸው ሽማግሌ ዓሊም ሊሞቱ ሲሉ «ይህ አማና ነው፣ ለሰው ሳታደርሰው እንዳትሞት» ብለው አደራ ጥለውባቸዋል። አባቴ ይህን ነገር ሲበሉም ሲተኙም አይረሱትም። እናቴ አንድ ቀን ተናዳ «የኔን ልጆች እንዲህ ቢያስቡልኝ» ብላቸው፣ «ልጆቹንማ አላህ ያሳድጋቸዋል፣ ይሄን ግን እኔ ነኝ የምጠየቅበት» አሏት።

ችግሩ እስከዚያ ኪታብ የሚደርስ ደረሳ መጥፋቱ ነበር። ነሕው ያሰለቻል፤ አብዛኛው መሐል ላይ ይበቃኛል ብሎ ወደ ሌላ ቂርአት ይሄዳል፣ ወይም ሚስት ያገባል። በመጨረሻ አንድ ከቢስቲማ የመጣ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ የልብሱ እጅጌ ሁልጊዜ የሚያጥረው ልጅ ደረሰበት። ስሙን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው፤ ለኛ ቢስቲማው ነበር። ነጩ ጨርቅ የተፈታ ዕለት እናቴ ገንፎ አገነፋች፤ ልጅ የተወለደ ነበር የሚመስለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየማለዳው፣ ከሱብሂ ሰላት በኋላ፣ ከመስጊዱ ጎን ባለችው ትንሽ ጎጆ ሁለቱ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። ቢስቲማው አንዲቱን የአረብኛ ቃል በዜማ ይጥላታል፣ አባቴ በአማርኛ ያነሷታል፤ ሌላ ይጥላል፣ ሌላ ያነሳሉ፤ መሐል ላይ ሲቆሙ አንድ ከባድ ነገር እንደገጠማቸው እኔም አውቃለሁ፤ ሲፈታላቸው የአባቴ ሳቅ ይሰማል። ከግድግዳው ወዲህ እናቴ ላም ስታልብ እኔ ጥጃውን እይዛለሁ። ትርጉሙ ምንም አይገባኝም ነበር፤ ዜማው ግን ዛሬም ድስት ሳጥብ ሳላስበው ከአፌ ይወጣል።

አንድ ዓመት በልጉ ዘገየ። በዚያው ሰሞን አባቴ ኮምቦልቻ ለቅሶ ሊደርሱ በእግር ወረዱ፤ ቢስቲማውም አብሯቸው ስለነበር የሆነውን ሁሉ የነገረን እሱ ነው። የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርዱ ጀምሮ ጉልበታቸው ይጠዘጥዛቸዋል። ለቅሶውን ደርሰው ሲመለሱ ቦርከና ዳር ሜዳው ላይ ሕዝቡ ለዝናብ ዱዓ ተሰብስቦ አገኙ፤ ሽማግሌው፣ ሕፃኑ፣ ከብቱ ሳይቀር ወጥቷል። የመንገደኛ ዱዓ አይመለስም ስለሚባል፣ በዚያ የሚያልፍ እንግዳ ከተገኘ የመዝጊያውን ዱዓ እንዲያደርግ ይለመናል። አባቴን ለመኗቸው። መቆም ስላቃታቸው እግራቸውን ዘርግተው ተቀመጡና አጠር አድርገው ዱዓ አደረጉ፤ ሕዝቡ አሚን አለ። ከዚያ በኋላ ለእናቴ ዘወትር እንደሚሏት ሁሉ፣ ምንም ሳያስቡት፣ «በሉ ጀመዓ፣ ልጆቹ እንዳይበሰብሱ ቶሎ ቶሎ ወደየቤታችሁ ግቡ» አሉ። ሰማዩ ፍጹም ጥርት ያለ ነበርና ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ገና ሜዳውን ሳይለቁ ዝናቡ ወረደ፤ ቢስቲማው እንደሚለው ጫማውን ያወለቀ ሰው ጫማውን አላገኘም።

ወሬው በጭነት መኪና ወጥቶ አባቴን ቀድሟቸው ሾላ አምባ ገብቷል። እሳቸው በረንዳው ላይ ቆመው ጥምጣማቸውን ሲጨምቁ ጎረቤቱ ሁሉ ግቢያችንን ሞልቶ ነበር። «ዱዓ ያደረገውኮ ሕዝቡ ነው፤ እኔ ያወቅሁት ጉልበቴን ስላመመኝ ነው» አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ግን በኛ አገር እውነተኛ ወልይ፣ የአላህ ወዳጅ የሆነ ሰው፣ ምስጢሩን ይደብቃል ይባላል፤ አላህ የሰጠውን ከራማ አደባባይ የሚያወጣ ሰው አስመሳይ ነው፤ ያለው ይክዳል። ስለዚህ አባቴ በካዱ ቁጥር ነገሩ እየጸና ሄደ። መጀመሪያ «ይሆን እንዴ?» የሚሉ ነበሩ፤ አባቴ ተቆጥተው «ወላሂ እኔ ወልይ አይደለሁም» ብለው የማሉ ዕለት የሚጠራጠር ሰው አልቀረም። የአረብኛ ሰዋስው ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው፣ ሲክዱም ሲያምኑም ያው እንደሚሆንባቸው አላወቁም ነበር።

ከዚያ በኋላ ሰው መጣ። ከኮምቦልቻ፣ ከሐርቡ፣ ከባቲ በኩል፣ ላም የጠፋችበት፣ ልጅ ያጣች፣ ባሏ አሰብ ሄዶ የቀረባት፣ ሁሉም ገና ሳይነጋ ደጃፋችን ላይ ነው። እናቴ የምታበላው ቢያልቅባት አንድ ቀን ሴቶቹን ሰብስባ በቁጣ ነገረቻቸው፤ «ስሙኝማ፣ ጉልበታቸው ነው! ደረሳ እያሉ መሬት ላይ ተኝተው ብርድ የገባው ጉልበት ነው፤ ዳመና ሲመጣ ያማቸዋል፤ በቃ።» ሴቶቹ ራሳቸውን እየነቀነቁ በጥሞና ሰሟት። በሳምንቱ ቅቤ ይዘው መጡ። የሸሁን ጉልበት ለመቀባት፣ ካልሆነም ለመሳም። እናቴ ማድ ቤት ገብታ ስታለቅስ ይሁን ስትስቅ አላወቅሁም፤ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። አባቴ ደግሞ ጉልበታቸውን በጋቢ ሸፍነው፣ ሙቀት በያዘው ቀን ሳይቀር፣ ሴት በመጣች ቁጥር እግራቸውን ሲሰበስቡ ይውላሉ።

ማለዳው ለኪታቡ መሆኑ ቀረ። ሁለቱ ማምለጥ ጀመሩ። አንድ ሰሞን የላሞቹ ጋጣ ውስጥ ተደብቀው ኪታቡን ይቀሩ ነበር፤ እኔ በር ላይ ቆሜ ሰው ሲመጣ እንድስል ታዝዤ፣ በእውነትም ጉንፋን ይዞኝ ስስል እየደነገጡ ኪታቡን ይዘጉታል። ብዙም ሳይቆይ አንዲት ሴትዮ ከጋጣው የአረብኛ ዜማ ስትሰማ ሄዳ «ሸሁ ላሞቹን ያናግራሉ» ብላ አወራች፤ በማግስቱ ላም ይዘው የመጡት በዙ። ከዚያ ወደ ማሽላው ውስጥ ገቡ። ማሽላው ሲታጨድ መደበቂያ ጠፋ። ሌሎቹ ደረሶች ደግሞ የሚያድሩባትን ጎጆ እንግዳ ያዘባቸው፤ ሰዉም ቀድሞ ለደረሳ ያመጣ የነበረውን ምግብ ለዚያሪው፣ ዱዓ ፈልጎ ለሚመጣው እንግዳ፣ ማምጣት ጀመረ። ጅማ ሄደ፣ ቦረና ሄደ፤ ማታ ማታ ማንኮራፋት የማይሰማበት ግቢ እንግዳ ሆነብኝ።

አባቴ ግን ተስፋ ያደረጉት አንድ ነገር ነበር፤ ደሴ። እኔን ትምህርት ቤት ሊያስመዘግቡኝ ይዘውኝ በወጡበት ቀን፣ ከሰኞ ገበያ በላይ አንድ ነጋዴ ቤት ወዳለው የዓሊሞች መቀማመጫ ወሰዱኝ። ዱሮ ሲሄዱ ዓሊሞቹ ያቆዩላቸውን ጥያቄ ገና ጫማቸውን ሳያወልቁ ያቀርቡላቸዋል፤ አባቴም ለዚያ ሲሉ በመንገድ ሁሉ ለብቻቸው ያጉተመትማሉ። ያን ቀንም ሲያጉተመትሙ ነበር። በር ስንከፍት ክርክር ይሰማ ነበር፤ አባቴን ሲያዩ ጸጥ አሉ። ሁሉም ተነሡ። ቀድሞ ከመሐላቸው ይቀመጡ የነበሩትን አባቴን ከሁሉ በላይ አስቀመጧቸው። ኪታቦቹ ተዘጉ። አባቴ ጥቂት ጠብቀው «በምን ላይ ነበራችሁ?» አሉ። «አይ፣ ለርስዎ የሚሆን አይደለም ሸህዬ» አሉ የቤቱ ባለቤት፣ ከልብ በመነጨ አክብሮት ይሁን በሌላ እንጃ፣ እጅ ነሥተው፤ «ይልቅ ዱዓ ያድርጉልን።» አባቴ ዱዓ አደረጉ፣ እነሱም አሚን አሉ፣ ወጣን። ወደ ታች በምንሄድበት መኪና ላይ «ፋጡማ፣ ማንም ምንም አልጠየቀኝምኮ» አሉኝ። እኔ ልጅ ነኝ፤ «ዱዓ ያድርጉልን ብለው ጠየቁዎትኮ አባባ» አልኳቸው። ሳቁ። ከዚያ ወዲያ ደሴ ዓሊሞቹ ዘንድ ሲሄዱ አላየሁም።

የመጨረሻውን ቂርአት አስታውሰዋለሁ። ኪታቡ እኩሌታው ላይ ደርሷል። አንድ ኮምቦልቻ ያለ ሀብታም የታመመች እናቱን በመኪና አምጥቶ ጥሩንባ ሲነፋ አባቴ የሰንበሌጥ ቅጠል ገጹ ላይ አስገቡና «ነገ ከዚህ እንቀጥላለን ኢንሻአላህ» አሉ። በማግስቱ ሰው መጣ። በሌላውም ቀን መጣ። ሰንበሌጡ ከዚያ ገጽ ሳይነሣ አረንጓዴው ጠፍቶ ቢጫ ሆነ፤ እህል ተወቃ፤ ቢስቲማው ውኃ ቀጂ፣ በግ አራጅ፣ እንግዳ ተቀባይ ሆነ። አንድ ጠዋት አባቴ ጠርተው «ሂድ ልጄ። እኔ ዘንድ አንተ አሽከር ሆነህ ትቀራለህ፤ ሌላ ቦታ ፈልገህ ጨርሰው» አሉት። ኪታቡን ከነጨርቁ ሰጡት። እሱ አልሄድም ብሎ ሦስት ሰላት ሙሉ መስጊድ ደጃፍ ተቀመጠ፤ ከዚያ እጃቸውን ስሞ ሄደ። አባቴ መንገዱ እስኪያልቅ አልሸኙትም፤ ጉልበታቸውን አሟቸው ነበር፣ ደግሞም የሚጠብቃቸው ሰው ነበረ።

ከዚያ በኋላ ረጅም ዓመት ኖሩ፤ ዝናቸው ሲገን፣ እሳቸው ሲከሱ። ወጣት ወንድ በግቢው ሲገባ ቀና ይሉና «ለቂርአት ነው?» ይሉታል። «አይ ሸህዬ፣ ለዱዓ ነው» ይላል። «እሺ፣ ቅረብ» ብለው እጃቸውን ይዘረጋሉ። ይህን ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አልነግራችሁም። ሕዝቡን ጠልተውት አያውቁም፤ የሚያለቅስ ሰው ሲያዩ ያለቅሳሉ። የሚያሳዝነኝም እሱ ነው፤ የበደላቸው ሰው አልነበረም፤ የወደዳቸው ሰው ሁሉ ትንሽ ትንሽ ወሰዳቸው። ሊሞቱ ሲሉ እናቴ ምን እንደሚሹ ብትጠይቃቸው «አማናዬ» አሉ። በማግስቱ ሲቀበሩ ዘነበ፤ ሌላ ምን ይጨመራል።

ባለፈው ወር ኮምቦልቻ ትልቅ አዳራሽ ተከራይተው መታሰቢያቸውን አደረጉ። ልጃቸው ነኝና ጠርተውኝ ፊት አስቀመጡኝ። በሩ ላይ በተሰቀለው ትልቅ ሸራ ላይ ነጭ ጢሙ ደረቱ ላይ የወረደ ግርማ ያለው ሽማግሌ ከዳመና ሥር ቆሟል። አባቴ ጢማቸው ሳሳ ያለ፣ በሂና የቀላ፣ ቁመናቸውም አጭር ነበር። ከየት አመጣችሁት ብላቸው አንዱ ወጣት በትሕትና «በኮምፒውተር ነው እማማ» አለኝ። አንድ ከዩኒቨርሲቲ የመጡ ዶክተር ስለ ዝናቡ ረጅም ጥናት አነበቡ፤ ላሞቹም አልቀሩም። ስለ ነሕው አንድ ቃል አልተነሣም። ድምጽ ማጉያው ሲሰጠኝ አንዴ እንኳ ልንገራቸው ብዬ ተነሣሁ። «አባቴ የነሕው ሸህ ነበሩ፤ ያስተማሩት ቋንቋ ነው። ዝናቡን የሚያውቁት ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ነው» አልኩ። አዳራሹ በ«አላሁ አክበር» ተክቢር ተናወጠ። የመድረኩ መሪ ማጉያውን ተቀብሎ፣ ዓይኑ እንባ አቅሮ፣ «ተመልከቱ ጀመዓ፣ የወልይ ልጅ እንደ አባቷ ትደብቃለች» አለ። ተቀመጥኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደክሞኝ አያውቅም።

ስወጣ ከጫማው መደርደሪያ አጠገብ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠው አየሁ። ፊታቸውን አላወቅሁትም፤ ያወቅሁት እጅጌያቸው ስለሚያጥር ነው። ቢስቲማው ነበሩ። ቢስቲማ ውስጥ ልጆችን ነሕው ያስቀራሉ፤ ስለ ጉባኤው ሰምተው በሚኒባስ መጥተዋል፤ ማን እንደሆኑ የጠየቃቸው የለም። ሰላምታው እንኳ ሳያልቅ «ሸህ፣ ያን ኪታብ ጨረሱት?» አልኳቸው።

«አልጨረስኩትም» አሉኝ። «አባትሽ ሂድ ካሉኝ በኋላ ብዙ አገር ዞርኩ። የሚያውቁት ሰው አሉ ይሉኛል፤ ስደርስ ወይ ሞተዋል፣ ወይ እንደኔው መሐል ላይ ያቆሙ ናቸው።»

«ቀሪውን ራስዎ አንብበው ቢያስተምሩትስ?»

«ዓይኔማ ያነበዋል። ግን አልሰማሁትም፤ ያልሰማሁትን እንዴት አድርጌ አሰማለሁ? ሰንበሌጡ እስካለበት አስቀራለሁ። እዚያ ስደርስ ኪታቡን እዘጋውና ‹ሸሁ ነገ ብለዋል› እላቸዋለሁ። ልጆቹ ይስቃሉ።»

እኔ አልሳቅሁም። ቆሜ ስለነበር ሳላውቀው ጉልበቴን እያሸሁ ነበር። ሽማግሌው እጄን አዩት። «አንቺንም ያምሻል?» አሉኝ። ከጠዋት ጀምሮ አልኳቸው። የኮምቦልቻ ፀሐይ አናት የሚበጣ ነበር፤ እሳቸው ግን ቀና ብለው እንኳ አላዩም። ከብብታቸው ያረጀ ጃንጥላቸውን አወጡና «እንግዲያው ቶሎ እንሂድ፣ ሳይዘንብ መኪና እንያዝ» አሉ። ሰው እያየን እየተንሾካሾከ ወደ መናኸሪያው ሄድን። በዚያ አዳራሽ ከነበረው ሕዝብ ሁሉ አባቴን ያመኗቸው እኚህ ሰው ብቻ ነበሩ። እሳቸው ወደ ቢስቲማ፣ እኔ ወደ ደሴ ተሳፈርን፤ ዝናቡ ሐረጎ ላይ ያዘኝ።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን ሳወጣና ሳወርድ እውላለሁ። አባቴ ይዘውት የነበረው ግማሹ ቢስቲማ አለ፤ እሱም በአንድ ሽማግሌ እስትንፋስ ላይ ነው። ግማሹ ሾላ አምባ አፈር ውስጥ ነው፤ ወረቀቱ ቢኖርም የሚያሰማው የለም። ስማቸው ደግሞ ከዓመት ዓመት ይገናል፤ ሸራው ይተልቃል። ለኔ የቀረልኝ ይሄ ጉልበትና አንድ ቃል የሌለው ዜማ ነው። ሰው አባቴን እንዲህ ወዶ እንዲህ አለማወቁ ይከፋኛል፤ የሚሰማኝ ባገኝም ከየት እንደምጀምረው አላውቅም።

ይህን እያሰብኩ ሳለሁ ቆርቆሮው ጠብ ጠብ አለ፣ ከዚያ ወረደ። ሰዓዳ እየሮጠች ወጣች፤ አንሶላው መሬት ወደቀባት፣ ብርድ ልብሱ በውኃ ከብዶ አልነሣ አላት። እኔ ልረዳት ብነሣም ጉልበቴ አልታዘዝ አለኝ። ከአፍታ በኋላ በሬ ላይ ቆመች፤ ከፀጉሯ ውኃ ይንጠባጠባል፣ ብርድ ልብሱን እንደ ሕፃን ታቅፋዋለች። «እማማ፣ የሰፈሩ ሰዎች እርስዎን የዝናቡ ሸህ ልጅ ናቸው ሲሉኝ አላመንኩም ነበር» አለችኝ። ጉልበቴ መሆኑን ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ዘይቱ አጠገቤ ነው፣ ሽታው ክፍሉን ሞልቶታል፣ ማስረዳቱ ሁለት ቃል ነው። ግን ፊቷን አየሁት። «ባለቤቴ ሥራ ካጣ ቆየ» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ፤ «እባክዎ ዱዓ ያድርጉልኝ።»

«እሺ፣ ቅረቢ» አልኳት። እጆቼ ዘይት በዘይት ነበሩ፤ እንደዚያው ዘረጋኋቸው፣ እሷም ብርድ ልብሱን ሳታስቀምጥ ቀስ ብላ አሚን አለች።